ዓሦቹ የጾሙ ጊዜ

ልጆቹ ናቸው ጻፊ ያሉኝ። የልጅ ልጆቼ። በበዓል ቀን ተሰብስበን ስንበላ የዓሦቹ ነገር ይነሳና አንዱ «ሁሉም ሞተው ነበር» ይላል፣ ሌላው «አይ፣ እማዬ ጠበል ረጭታ ነው ያዳነቻቸው» ይላል። እንዲህ እያሉ ከዓመት ዓመት ሲያሳብጡት ጊዜ ትልቋ፣ «እማዬ፣ ላይክ፣ አንቺው ራስሽ ጻፊውና እንገላገል» አለችኝ። አንቺ ነው የምትለኝ፤ እዚህ አሜሪካ ያደገ ልጅ ወሬው መሐል «ላይክ» ሳይል አይሆንለትም፣ «እርስዎ» ማለት ደግሞ ምላሱ ላይ አይረጋለትም፣ እኔም ትቼዋለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ ወሬዬ ነው፤ ወዲያ ወዲህ ይላል። ታገሡኝ።

ነገሩ ከዓሦቹ አይጀምርም፤ ከአማቼ ነው የሚጀምረው፣ ከልጄ ባል። እዚሁ ጆርጂያ፣ ኮንየርስ ከተማ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሣውን መኪና፣ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ሲያወርድ ወገቡን ተጎዳ። ሐኪሞቹ ተኛ አሉት፣ ተኛ። ቆይተው ተነሥ አሉት፣ አልተነሣም። ክፉው ነገር ይህ ነው። ወገቡ እየዳነ ሲመጣ ልቡ እየታመመ ሄደ። መጋረጃውን ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ልጄ የምትሠራው ደንዉዲ ከተማ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፤ ማለዳ ትወጣለች፣ ስትመለስ ያቀረበችለትን ምሳ እንደተከደነ ታገኘዋለች። መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ካለቀሰች በኋላ ነው ወደ ቤት የምትገባው። ዓይኗን አይቼ አውቃለሁ፤ እናት አይደለሁ።

እኔና እሱ ደግሞ አንነጋገርም ነበር። ተጣልተን አይደለም። እኔ ባደግሁበት አገር አማት ከአማቿ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ወግ አትጠርቅም፤ ነውር ነው። ስገባ ከተቀመጠበት ይነሣል፣ «እንደምን አደሩ እማማ» ይላል፣ አንገቱን ይደፋል። እኔም «እግዜር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። አንድ ጣሪያ ሥር ያን ያህል ዘመን ኖረን ከዚህ የዘለለ ነገር አልተባባልንም። ታዲያ ልቡ ሲታመም ምን ብዬ ልጠይቀው? በሩ ላይ ሄጄ እቆምና እመለሳለሁ።

ገንዳው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቤት የሚቀይር ጓደኛው ሰማያዊ፣ ክብ፣ ሰው የሚዋኝበት የሚመስል የፕላስቲክ ገንዳ ጓሮአችን አራግፎ ሄደ። ልጄ ቆሻሻ አመጣብን ብላ ተቆጣች። እሱ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየው፤ በማግስቱ ከመኝታው ወርዶ ዞረው፤ ከዚያ ውሃ ሞላበት፣ አያፈስም። ቀጥሎ ፒችትሪ ኮርነርስ ካለ የዓሣ ሱቅ ትንንሽ ቆሮሶ አስመጣ። እዚህ ቲላፒያ ይሉታል፤ እኛ አገር ቆሮሶ ነው፣ መልኩም ያው ነው። አየር የሚነፋላቸው ትንሽ ሞተር ገጠመላቸው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ቀድሞኝ የሚነሣ ሰው ሆነ። ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ ጎንበስ ሳይል (ጎንበስ ማለት አይችልም ነበር) ጠርዙን ይዞ ቆሞ ያያቸዋል። ዓሦቹ አደጉ። እሱም ምሳ መብላት ጀመረ። እኔ በልቤ እነዚህን ዓሦች እግዜር ይጠብቅልን እል ነበር፤ ለዓሣ ስጸልይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰው ይጠይቀን ነበር፤ እግዜር ይስጥልን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናቸውን መንገዱ ዳር ፓርክ ያደርጉና በቀጥታ ወደ ጓሮ ይዞራሉ፤ ታማሚው አልጋው ላይ ሳይሆን ገንዳው አጠገብ ነዋ። የታመመ ሰው ደግሞ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ዳቦ የያዘ አለ፣ ሙዝ የያዘ አለ፣ ከሱቅ ኬክ የገዛ አለ። እሱ ከብቶቹን እንደሚያሳይ ገበሬ ዓሦቹን ያሳያል፤ እንግዶቹ ይገረማሉ። ከዚያ ምን ይሆናል? የእኛ ሰው አንጀቱ አይችልም። ፍጥረት ፊቱ አፉን ሲከፍት እያየ እጁን አይሰበስብም። አንዱ ከያዘው ዳቦ ይቆርሳል። ሌላዋ ከሳህኗ እንጀራ በወጥ ጠቅልላ ትወረውራለች። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ «በሞቴ» እያሉ ሲያጎርሱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደግሞ ይደግማሉ። ዓሣ ጠግቤአለሁ አይል። አማቼም ሊጠይቁት ለመጡ ሰዎች «አታብሉብኝ» ብሎ መናገር ከየት ይምጣለት። ውሃው ላይ የቀይ ወጥ ዘይት ተንሳፎ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቅ ነበር። ያምራል እንኳ ብለን ነበር።

ሙቀቱ በርትቶ፣ ጥላ ሥር እንኳ አላስቀምጥ ባለበት ሰሞን አንድ ጠዋት አማቼ ማጀት ድረስ መጣ። እዚያ ገብቶ አያውቅም። አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ ይቅርታ፣ እስቲ አንድ ነገር ይዩልኝ» አለኝ። ልጄ ሥራ ናት፤ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ወጥቼ አየሁ። ሁለት ሦስቱ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈዋል። የቀሩት ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ፤ ክንፋቸው እንደ አሮጌ ጨርቅ ተበጣጥሷል፣ አፋቸው ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጥቷል፣ አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ቀይ ቁስል አለባቸው። ውሃውም ይሸታል። አማቼ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለባለ ሱቁ ላከለት፣ ወዲያው ደወለ። ሰውየው እውቀቱን አልነፈገም። በሽታው ውሃ ሲቆሽሽና ሲሞቅ የሚነሣ ነው አለው፤ የተረፈ ምግብ በስብሶ ውሃውን መርዞታል። ምግብ አቁሙ፣ ውሃውን በየቀኑ ከፊሉን ብቻ እየቀዳችሁ ለውጡ፣ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑን የሚያጠፋ ጠብታ ሳይገባበት አይግባ፣ የታመሙትን ለይታችሁ አዮዲን በሌለው ጨው እጠቡ። የሚሞት ይሞታል፣ የሚተርፍ ግን አለ። እንዲህ ብሎት ዘጋ።

አማቼ ይህን ሁሉ ነገረኝ። ቀጥሎ በዝግታ፣ «ምን የነካሁት ነገር ይበረክትልኛል እማማ፤ ሁሉንም ደፍቼው ይውጣልኝ» አለ። ፊቱን ወደ ቤት አዞረ። ወደዚያ መጋረጃ እንደሚሄድ አወቅሁ። ዛሬ ከተኛ ማን ያስነሣዋል?

ነውሩን ተውኩት። እጁን ያዝኩት።

«ልጄ፣ የሞተውን ቅበር፤ በሕይወት ያለውን ግን አትቅበር። በል ባልዲ አምጣ» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። ዓይኑን ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ቡናማ ነው። ከዚያ ባልዲውን አመጣ።

ቤት ያለው ጨው አዮዲን ያለበት ሆኖ ተገኘ። መኪና አስነሥቶ ሊገዛ ሄደ። ከተጎዳ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም ነበር፤ በመስኮት ቆሜ ከግቢው ወደ ኋላ እያየ ሲወጣ ስመለከት እንዴት ያለ ደስታ እንደተሰማኝ ለማንም አልተናገርኩም። የሞቱትን እኔ ጓሮ ከተከልኩት ቃሪያ ሥር ቀበርኳቸው።

የማከሙ ሥራ እንዲህ ነበር። መረቡ የቆሰለውን ክንፍ ይበልጥ ሲቀድድባቸው አየሁና የራስ ሻሼን ፈትቼ በገንዳው ውሃ ነክሬ በእሱ ከታች አቅፌ ማውጣት ጀመርኩ። አማቼ ጨዋማውን ውሃ እንደተነገረው ይበጠብጣል፣ እኔ ዓሣውን አስገባለሁ። ጨው ሲነካው ይንፈራገጣል፣ ከዚያ ይረጋል፤ ጎኑን ሊያዘነብል ሲል ቶሎ ማውጣት ነው። አማቼ ስልኩን ይዞ ደቂቃ ይቆጥራል፣ እኔ ዓሣውን አያለሁ። አገር ቤት ኩፍኝ የያዘውን ልጅ እንዲህ ነው የምንጠብቀው፤ ትንፋሹን እያየን። ልጆቼን በኩፍኝ ጠብቄአለሁ። የዓሣ ትንፋሽ ጉንጩ ላይ ነው የሚታየው፣ ይከፈታል ይዘጋል፤ አንዴ ካወቁት ሌላ ምንም ልዩነት የለውም። ፀሐዩ እንዳያቃጥላቸው አሮጌ አንሶላ በገመድ ወጠርንላቸው። ያገለገለውን ጨዋማ ውሃ አጥሩ ጥግ ስንደፋው ከርመን እዚያ ቦታ ላይ ሣር እስከ ዛሬ አልበቀለም፤ ልጄ ባየችው ቁጥር ታነሣብናለች።

ከሁሉ የከበደው ግን ጨውም ውሃም አይደለም፤ እንግዳው ነው። እሑድ ሲመጣ ሰው ዳቦውን ይዞ ይመጣል። አማቼ ተጨንቆ፣ «ምን ልበላቸው እማማ? ምግባችሁ ገደላቸው ልበል?» አለኝ። ሊጠይቅህ ለመጣ ሰው እንዲህ አይባልም፤ ቅስሙ ተሰብሮ ሁለተኛ አይመጣም። «አንተ ዝም በል፣ እኔ አለሁ» አልኩትና ወንበሬን አውጥቼ ገንዳው ሥር ተቀመጥኩ።

እኒያ ሽማግሌ ቀድመው መጡ። ዳቦአቸውን ገና ሲፈቱ፣ «ዛሬስ አይሆንም አባቴ፤ ጾም ገብተዋል» አልኳቸው።

እጃቸው ዳቦው ላይ ቀረ። «የምን ጾም? ፍልሰታ ገና ነው እኮ።»

«ለእነሱ ገብቷል።»

አዩኝ፣ ዓሦቹን አዩ፣ ቁስሉን አዩ። አስተዋይ ሰው ናቸው፣ ገባቸው። ዳቦውን መልሰው ጠቀለሉና «ጿሚ ማስገደፍስ ኃጢአት ነው» ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ከእኔ ቀድመው የሚከለክሉት እሳቸው ሆኑ፤ እጁን ወደ ገንዳው የዘረጋውን ሁሉ ይቆጡታል። ጎረቤታችን እስላም ናት፣ እህል ውሃ የማይለየን ሰው፤ ቴምር ይዛ መጣችና ጾም መሆኑን ስትሰማ፣ «የማንን ነው የያዙት፣ የእኛን ነው የእናንተን?» አለች።

«የእናንተን ቢይዙማ ማታ ያፈጥሩ ነበር» አልኳት።

«እንኳን የእኛን አልሆነ» አለችና ልትጥልላቸው የያዘችውን ቴምር ራሷ በላችው።

እንዲህ ሆኖ አንድም ሰው ሳናስቀይም ዓሦቹ ጾሙ። ባለ ሱቁ በስልክ ያዘዘውን እኔ በጾም አስፈጸምኩት። ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ፤ ይህችን ያህል ግን ይፈቀድልኝ። አንድ ቃል ነው የተናገርኩት፣ በዚያች ቃል ሰውም ተከበረ ውሃውም ጠራ።

ውሃው መጥራት ሲጀምር፣ ቁስላቸውም መሻር ሲጀምር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ያ የጆርጂያ ዝናብ መጣ። እዚህ የኖረ ያውቀዋል፤ ሰማዩ ጠዋት ብራ ይሆንና ከሰዓት በኋላ በአንዴ ይጠቁራል። መብረቅ ጥድ ላይ ወደቀ፣ መብራት ጠፋ። ዝናቡ አባርቶ ስንወጣ ጓሮው ጸጥ ብሏል። ሞተሩ ቆሟል። ዓሦቹ እንደገና ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።

አማቼ ሮጦ ለባለ ሱቁ ደወለ። ሰውየው፣ መብራት እስኪመጣ ውሃውን ከፍ እያደረጋችሁ ከላይ አፍስሱት፣ በወደቀ ቁጥር አየር ይዞ ይገባል አለው። ጣሳ፣ ጆግ፣ ድስት፣ ያገኘነውን አነሣን። እኔ እቀዳለሁ፣ አፈሳለሁ። ክንዴ ዛለ። የቴምሯ ጎረቤቴ ድምፅ ሰምታ በአጥሩ በኩል ገባች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ድስት ያዘች። ሽማግሌው ሊጠይቁን መጥተው ደረሱብን፤ ኮታቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉ። ትልቋ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ጭቃ ላይ ጣለች። አማቼ መቆም ሲያቅተው አንድ ባልዲ ገልብጦ ላዩ ተቀመጠ፤ እዚያው ተቀምጦ በትንሽ ኩባያ ይቀዳል፣ ክንዱ እስከሚደርስ ድረስ ከፍ አድርጎ ያፈሳል።

ልጄ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከደንዉዲ የደረሰችው እዚህ መሐል ነው። እኛን አየች፣ እሱን አየች። «ወገብህ! በእመቤቴ ግባ፣ እኔ እተካሃለሁ» አለችው።

ኩባያውን አላስቀመጠም። «መደገፊያ ያለው ወንበር አምጪልኝ እንጂ አልገባም» አላት።

ልጄ ወንበሩን አመጣችለት። ከኋላው ሆና ትከሻውን ይዛ ለጥቂት ጊዜ ቆመች፤ ከዚያ እሷም ጣሳ አነሣች። ቀይ አፈሩ ጨቅይቶ ጫማችንን እየጎተተ፣ አንዳችን ስንቆም ሌላችን እየተካን፣ ስንቀዳና ስናፈስ ቆየን። ወሬ አልነበረም፤ የውሃው ድምፅ ብቻ። ሞተሩ በድንገት ሲያጉረመርም ሽማግሌው ጣሳቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው አማተቡ። ጎረቤቴ ድስቷን ገልብጣ ተቀመጠችበትና ሳቀች፤ ሁላችንም ሳቅን። አንድም ዓሣ አልሞተም በዚያን ቀን። አንድም።

ከዚያ ወዲህ የተለየ ነገር አልሆነም፤ ቀስ በቀስ ዳኑ። ጥጡ ከአፋቸው ጠፋ፣ ክንፋቸው ከጠርዙ ጀምሮ እንደ አዲስ ጥፍር ነጣ ብሎ ወጣ። ጾሙን የፈቱ ዕለት ሽማግሌው ተጠርተው መጡ። አማቼ ከእውነተኛው የዓሣ ምግብ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ እጃቸው ላይ አኖረላቸው፤ እሳቸውም ባርከው በተኑት። ከዚያ የሚበልጥ እንዳይጨምሩ እኔ ቆሜ አየሁ።

ዓሣ ያከመች አሮጊት ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ልጅ አሳድጌአለሁ፣ ብዙ ሰው አስታምሜአለሁ፤ ያ ሁሉ ግን ከሴት የሚጠበቅ ነው ተብሎ ማንም ሥራ ነው አላለውም። ያን በጋ ግን አማቼ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «እኔና እማማ ነን ያዳንናቸው» ይላል። እኔና እማማ። ከማጀት ሆኜ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እንዲደግመው ብዬ ያልጠየቁትን እንግዶች ወደ ጓሮ እልክ ነበር።

መጋረጃው ሁለተኛ አልተዘጋም። ቆየት ብሎ መጋዘኑ መለሰው፤ ሸክም የሌለበት፣ ተቀምጦ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራበት ቦታ ሰጡት። እኛ ቤት ነገሩ በዚህ ተራ ነው የሚወራው፤ ዓሦቹ ዳኑ፣ እሱ ተነሣ፣ ከዚያ ሥራው መጣ። እኔም ለሰው ሳወራ እንዲሁ ነበር የማወራው።

ከዓመታት በኋላ ትልቋ የልጅ ልጄ ስትመረቅ ድግስ ነበረን። አማቼ የሚሠራበት መጋዘን ኃላፊ የሆነ፣ እንደኛው ሐበሻ፣ ጉልበቴን ስሞ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «እማማ፣ ያኔ እንኳን እግዜር ማረዎት፤ እኛም እዚያ ሆነን ጸልየንልዎት ነበር» አለኝ። የትኛውን ሕመም ነው ልጄ አልኩት። ግራ ገባው። ነገሩን እንዲህ ብሎ ነገረኝ፤ ያን በጋ ለአማቼ የወንበር ሥራ ተገኝቶለት ራሱ ደውሎ በማግስቱ ግባ ሲለው፣ «እናቴ በጠና ታማብኛለች፤ ሳትድን ከአጠገቧ አልለይም፣ ካልጠበቃችሁኝ ለሌላ ሰው ስጡት» ብሎ መለሰለት። እነሱም ለእናቱ ያለውን ፍቅር አይተው ቦታውን አቆዩለት።

እንግዳው ሲሄድ አማቼን ጠራሁት። ዛሬ ተቀምጠን እናወራለን፣ ነውሩ ከቀረ ቆይቷል። እውነት ነው ወይ አልኩት። ሳቀ፣ አንገቱን እንደ ድሮው ደፋ። «ዓሦቼ ታመዋል ብል ማን ያምነኛል እማማ?» አለኝ። ለሚስቱ እንኳ ሳይነግራት ነው የኖረው። መቼ ነበር የደወለልህ ስለው ነገረኝ፤ ዓሦቹ የታመሙ ዕለት ነው፣ ሱቅ ውስጥ ተሰልፎ፣ አዮዲን የሌለውን ጨው በብብቱ ይዞ።